ሩጫን በስልክ መመዝገብ፦ ርቀቱና ፔሱ እንዳይዋሹ

ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ ይመጣል እንጂ አንድ ነው። «10 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስልኬ 6.8 ይለኛል።» «ካርታው ላይ ሕንፃ ሰንጥቄ ያለፍኩ ያስመስለኛል።» «ጎን ለጎን ሮጠን የጓደኛዬ ስልክ ከእኔ 300 ሜትር አስበልጦ መዘገበ።» ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አፑን አጥፍቶ ሌላ መጫን ነው፤ አዲሱም ያንኑ ስህተት ይደግማል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ስልኩ ውስጥ ባልተነካ አንድ ሴቲንግ ወይም መነሻው ላይ ሳይጠበቅ በታለፈ አንድ ደቂቃ ነው።

ከታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ አንድ ጊዜ ተሠርተው ያልቃሉ። ቀሪዎቹ፣ ከደረጃ 8 በቀር፣ በየሩጫው ናቸው። የሴቲንግ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ፤ ቃሉ አልገጥም ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ «ሎኬሽን» ወይም «ባትሪ» ብላችሁ ፈልጉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ቢያንስ 40 በመቶ ቻርጅ ያለው። 40 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባትሪው 20 በመቶ ገደማ ሲደርስ ብዙ ስልኮች ኃይል ቆጣቢውን ያበራሉ፣ እሱ ደግሞ ጂፒኤሱን ያዳክማል።
• አንድ የሩጫ አፕ።
• የወገብ ቀበቶ ወይም የክንድ ማሰሪያ። ኪስ ውስጥ የሚንገላወድ ስልክ እናንተንም ይረብሻል፣ የእርምጃ ቆጠራውንም ያዛባል።
• ላብና ዝናብ የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት።
• ርቀቱ የታወቀ ቦታ፣ ቢቻል የ400 ሜትር መም። ለደረጃ 8 ያስፈልጋል።
• የልብ ምት መከታተል የሚፈልግ ሰው በብሉቱዝ የሚገናኝ የደረት ቀበቶ። የግድ አይደለም።

ደረጃ 1፦ አንድ አፕ ምረጡ፣ በሱ ጽኑ

ስትራቫ፣ ናይኪ ረን ክለብ፣ አዲዳስ ረኒንግ ሁሉም ርቀት፣ ሰዓትና ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የፈጀባችሁን ጊዜ) ይመዘግባሉ። ስትራቫ መመዝገቡን በነፃ ይሰጣል፤ ብዙዎቹን መተንተኛዎች ግን በክፍያ ነው የሚከፍተው። አካውንት መክፈትና መረጃን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ የማይፈልግ የአንድሮይድ ተጠቃሚ ኦፕንትራክስን ይጫን፤ አካውንት አይጠይቅም፣ መረጃው ስልኩ ላይ ይቀራል።

የትኛውም ቢሆን ለውጥ የምታዩት በአንድ አፕ ስትቆዩ ነው። አፖቹ የጂፒኤሱን ነጥቦች የሚያለሰልሱበት መንገድ ስለሚለያይ ያው ሩጫ በአንዱ 8.02፣ በሌላው 8.15 ሊሆን ይችላል። በየወሩ አፕ የሚቀያይር ሰው የፈጠነው እሱ ይሁን አፑ አያውቅም። ሁለት አፕ በአንድ ሩጫ ላይ አብሮ ማስኬድም አይመከርም፤ ባትሪ ይበላል፣ ሁለቱ ከተገናኙም አንዱ ሩጫ ሁለት ጊዜ ይመዘገብና የሳምንቱ ድምር ያብጣል።

አፑ ውስጥ ክብደታችሁንና ዕድሜያችሁን በትክክል ሙሉ። ካሎሪ የሚሰላው ከነሱ ነው። በትክክል ተሞልቶም ቢሆን ካሎሪው ግምት ነው፤ ምግብ ለመመጠን አትመኩበት።

ደረጃ 2፦ የሎኬሽን ፈቃድ በትክክል ስጡ

በአንድሮይድ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የሩጫ አፑ፣ ፐርሚሽን፣ ሎኬሽን ድረስ ግቡ። በአይፎን ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሎኬሽን ሰርቪስስ፣ ከዚያ አፑ።

እዚህ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው መቼ ይፈቀድለት የሚለው ነው። «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለው ለአብዛኞቹ ይበቃል፤ ሩጫውን ስክሪኑ በርቶ እስከጀመራችሁት ድረስ ስክሪኑ ከተዘጋ በኋላም መመዝገቡን ይቀጥላል። «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» የሚለውን ግን አትምረጡ። ሁለተኛው ሰው የሚረሳው ነው፦ «ፕሪሳይስ ሎኬሽን» የሚለው ማብሪያ መብራት አለበት። እሱ ከጠፋ ስልኩ ለአፑ የሚሰጠው ትክክለኛ ቦታችሁን ሳይሆን ያላችሁበትን አካባቢ በግርድፉ ነው፤ በዚያ ሩጫ አይለካም።

አፑ «ፊዚካል አክቲቪቲ» ወይም «ሞሽን ኤንድ ፊትነስ» የሚል ፈቃድ ከጠየቀም ስጡት። በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደምትረግጡ የሚቆጥረው፣ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይም ርቀት የሚገምተው በሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ስልኩ አፑን እንዳይገድለው አድርጉ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ሥሩ ቢባል ይህ ነው።

ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪናቸው ሲዘጋ ከኋላ የሚሠሩ አፖችን ያስተኛሉ ወይም ጭራሽ ይዘጋሉ። የሩጫ አፕ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ስክሪኑ ተዘግቶ ኪስ ውስጥ ሳለ ነው። በአንድሮይድ የሩጫ አፑን ሴቲንግ ክፈቱ፣ ባትሪ የሚለው ውስጥ ግቡና «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ አምራቾች ከዚህ ሌላ የራሳቸው ቆጣቢ አላቸው። ሳምሰንግ ላይ «ስሊፒንግ አፕስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አፑን አውጡት። ሻኦሚ ላይ «ኦቶስታርት» አብሩለት። ሁዋዌ ላይ «አፕ ላውንች» ውስጥ ከራስ ሰር ወደ በእጅ ቀይሩና ከኋላ እንዲሠራ ፍቀዱለት።

አይፎን ላይ ይህን ያህል ጣጣ የለም። ሩጫው ሳያልቅ አፑን ወደ ላይ ጠርጋችሁ አትዝጉት፣ «ሎው ፓወር ሞድ»ንም አጥፉት፤ ይህ ይበቃል።

አፑ መሞቱን ካርታው ይናገራል። መንገዳችሁ ጠመዝማዛ ሆኖ ሳለ 2.4 ኪሎ ሜትር ላይ በድንገት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ይጀምርና ስልኩን አውጥታችሁ ባያችሁበት ቦታ ላይ ያበቃል። አፑ የመጨረሻውን የሚያውቀውን ነጥብና አዲሱን ነጥብ በአጭሩ ማገናኘቱ ነው። ርቀቱ የሚያንሰውም ለዚሁ ነው፤ እናንተ ዞራችሁ የመጣችሁትን እሱ ቆርጦ አለፈው። 10 ሮጣችሁ 6.8 የሚለው ታሪክ መነሻው ይኸው ነው።

ሴቲንጉን ከቀየራችሁ በኋላ እውነተኛ ሩጫ ላይ ከመፈተን በፊት በእግር ሞክሩት። አፑን አስጀምሩ፣ ስክሪኑን ዝጉ፣ አራት ማዕዘን ያለው አንድ ብሎክ ለ10 ደቂቃ ዙሩ፣ ስልኩንም አትንኩት። ስትመለሱ አራቱም ማዕዘኖች ካርታው ላይ ጥርት ብለው ከታዩ ጨርሳችኋል። አንዱ ከጎደለ ስልኩ አሁንም አፑን እያስተኛ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የስልኩ ሶፍትዌር ሲታደስ እነዚህ ሴቲንጎች ወደነበሩበት ሊመለሱ ይችላሉ። ትልቅ አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ይህን ደረጃ ድገሙት።

ደረጃ 4፦ አፑን ለሩጫችሁ አስተካክሉ

መለኪያውን በኪሎ ሜትር አድርጉ። በማይል የተተወ አፕ «8:51» ሲላችሁ አዝጋሚ የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ በኪሎ ሜትር 5:30 ማለት ነው።

የድምፅ ማሳወቂያውን በየ1 ኪሎ ሜትሩ አብሩት፤ የኪሎ ሜትሩን ሰዓትና ጠቅላላውን ይንገራችሁ። ከዚያ በላይ አታብዙበት። ዋናው ጥቅሙ ስልኩን ማየት ማስቀረቱ ነው።

ራሱ የሚያቆመው ሲስተም፣ «ኦቶ ፖዝ» የሚባለው፣ ጠንቀቅ ብሎ የሚያዝ ነገር ነው። ስትቆሙ ሰዓቱን ያቆማል፣ ስትነሱ ይቀጥላል። መሻገሪያ ለሚበዛበት መንገድ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው። ቀስ ብላችሁ ዳገት ስትወጡ ወይም ጂፒኤሱ ሲደክም የቆማችሁ መስሎት ያቆማል። ሌላው፣ ፔሳችሁን ያሳምረዋል፦ 10 ኪሎ ሜትር በ55 ደቂቃ ጨርሳችሁ 4 ደቂቃውን ቆማችሁ ከሆነ እውነተኛው አማካይ 5:30 ነው፤ አፑ ግን 51 ደቂቃ ቆጥሮ 5:06 ይላችኋል። ውድድር ላይ ሰዓቱ ለማንም አይቆምም። ለኢንተርቫል (ጠንከርና ቀለል እያሉ ለሚሮጡት ልምምድ)፣ ለመምና ለውድድር አጥፉት።

ግላዊነቱንም አሁኑኑ ጨርሱት። አፖች ሩጫችሁን ከነካርታው ለሌሎች ሊያሳዩ ይችላሉ፤ በየቀኑ ከአንድ በር የሚነሳ መስመር ደግሞ ቤታችሁ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደማትገኙ ይናገራል። የሩጫዎቹን ታዳሚ «እኔ ብቻ» ወይም «ተከታዮቼ» አድርጉ። መነሻና መድረሻን መደበቂያውን አብሩ፤ ስትራቫ ላይ እስከ 1600 ሜትር ድረስ መሸፈን ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ከቤት ጥቂት መቶ ሜትሮች እየተራመዱ ሰውነት አሟሙቆ የአፑን ማስጀመሪያ እዚያ መጫን ነው። ያልተመዘገበ ነገር ሾልኮ አይወጣም።

ደረጃ 5፦ ስልኩን የት ትይዙታላችሁ?

የሳተላይት ምልክት ደካማ ነው፤ የሰው አካልም፣ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ ይጋርደዋል። ስለዚህ ስልኩ በሰውነታችሁና በሰማይ መካከል እንጂ ከሰውነታችሁ ሥር መዋል የለበትም። የክንድ ላይኛው ክፍል ጥሩ ነው። ወገብ ላይ ከሆነ ከኋላ፣ ከጀርባ በታች አድርጉት። የጭን ኪስ ከሁሉም ይብሳል። ብረት ያለበት ሽፋን ካለው አውልቁት።

ስክሪኑን ሎክ አድርጉ። ላብ የነካው ጨርቅ ስክሪኑን እንደ ጣት ይነካዋል፤ «ሩጫው ራሱ ቆመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። የረጠበ ስልክ ደግሞ ቻርጅ መሰኪያው ሳይደርቅ አይሰካ።

ደረጃ 6፦ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ

ስልኩ ቦታውን ለማስላት ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት መያዝ አለበት። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ በየ30 ሰከንዱ እየደጋገመ ይልካል። ኢንተርኔት የተከፈተለት ስልክ ይህንኑ መረጃ ከኔትወርክ ስለሚያወርድ በጥቂት ሰከንዶች ይይዛል። ዳታው የተዘጋ ስልክ ግን ከሰማይ እስኪሰማ ይጠብቃል፣ ምልክቱ ከተቆራረጠበትም እንደገና ይጀምራል።

ስለዚህ፦

1. ከጣሪያ ሥር ውጡ፣ ከረጃጅም ግድግዳም ራቅ በሉ።
2. ዳታ ክፈቱ፣ አፑንም ክፈቱ፤ ገና ሩጫ አታስጀምሩ።
3. አፑ «ጂፒኤስ ተይዟል» የሚል ምልክት እስኪያሳይ፣ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብም እናንተ ባላችሁበት ረግታ እስክትቆም ጠብቁ። ነጥቧን የከበባት ሰፊ ክብ እየጠበበ ሲመጣ ትክክለኝነቱ እየጨመረ ነው።
4. ምልክቱ ከታየ በኋላ 30 ሰከንድ ጨምሩ። ጫማ ማሰሪያ ጊዜ ነው።
5. አሁን አስጀምሩ።

ሳይዝ የጀመረ ሩጫ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትሩ ይበላሻል፤ ወይ 300 ሜትር ይጎድላል፣ ወይ ነጥቡ ከሩቅ ዘልሎ ሲመጣ መቶ ሜትሮች ይጨመራሉ።

አንዴ ከያዘ በኋላ ዳታውን መዝጋት ትችላላችሁ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከሳተላይት የሚቀበል እንጂ ወደ ሳተላይት የሚልክ ነገር የለም። ካርታው ባዶ ቢታያችሁም መስመሩ ይመዘገባል፣ ቤት ስትገቡ ሥዕሉ ይሞላል።

ደረጃ 7፦ እየሮጣችሁ የትኛውን ቁጥር ታምናላችሁ?

ስክሪኑ ላይ «የአሁን ፔስ» የሚለውን ቁጥር እየተከተሉ መሮጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ክፍት ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስህተት 5 ሜትር ያህል ነው። ይቺ 5 ሜትር በአጭር ርቀት ላይ ምን እንደምታደርግ እዩ። በ5:00 ፔስ ስትሮጡ በ5 ሰከንድ የምትሸፍኑት 16.7 ሜትር ነው። ነጥቡ 5 ሜትር ወደፊት ከሳተ አፑ 21.7 ሜትር ይቆጥርና ፔሳችሁ 3:51 ነው ይላል። ወደኋላ ከሳተ 11.7 ሜትር ይቆጥርና 7:09 ይላል። እናንተ እርምጃችሁን አልቀየራችሁም። አፖች ቁጥሩን እያለሰለሱ ያሳዩታል፤ ግን መንቀጥቀጡ አይጠፋም፣ ከለሰለሰም ዘግይቶ ይደርሳል።

በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ግን መነሻው 5፣ መድረሻው 5 ሜትር ቢስቱ እንኳ 10 ሜትር ነው፤ 1 በመቶ፣ በ5:00 ፔስ 3 ሰከንድ። ስለዚህ የምታምኑት የየኪሎ ሜትሩን ሰዓትና የጠቅላላውን አማካይ ይሁን። በመሃል ያለውን በትንፋሻችሁ ለኩት፤ ቀላል ሩጫ ከሆነ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ።

ኢንተርቫል ሲሆን ጂፒኤሱን ለርቀት አትጠቀሙበት። 6 ጊዜ 800 ሜትር መም ላይ የምትሮጡ ከሆነ ርቀቱን መሙ ያውቀዋል፤ ስልኩ ሰዓት ብቻ ይያዝ። 800 ሜትር በ3:36 ማለት በኪሎ ሜትር 4:30 ነው፤ ይህን ቀድማችሁ አስሉና ሂዱ። መም በሌለበት ደግሞ በርቀት ፋንታ በጊዜ አድርጉት፦ 3 ደቂቃ ጠንከር፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። አፓችሁ የኢንተርቫል ፕሮግራም ካለው በድምፅ ይጠራላችኋል።

መም ላይ መስመሩንም አትርሱ። 400 ሜትር የሚሆነው የውስጠኛው፣ 1ኛው መስመር ብቻ ነው። 2ኛው 407 ሜትር፣ 8ኛው 453 ሜትር ገደማ ነው። በ8ኛው 25 ዙር የሮጠ ሰው 10 ሳይሆን 11.3 ኪሎ ሜትር ነው የሮጠው።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና ባለበት መንገድ ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን አትድፈኑ፤ አንዱ ይበቃል። ቁልፍ መንካት ካስፈለገ ቁሙ።

ደረጃ 8፦ ስልካችሁ በስንት እንደሚስት እወቁ

ይህን ለክታችሁ ከጻፋችሁት ለወራት ትገለገሉበታላችሁ። መም ላይ በ1ኛው መስመር 4 ዙር፣ ማለትም 1600 ሜትር፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሩጡ። 8:48 ፈጀባችሁ እንበል፤ እውነተኛው ፔስ 5:30 ነው። ስልኩ 1.64 ኪሎ ሜትር ካለ ፔሱን 5:22 ያደርገዋል። 2.5 በመቶ አብዝቷል፣ በኪሎ ሜትር 8 ሰከንድ አስቀድሟችኋል ማለት ነው። በሌላ ቀን ሁለት ጊዜ ድገሙትና አማካዩን ያዙ። አንድ ቀን ብቻ የተለካ ለምንም አይሆንም፤ የሳተላይቶቹ አቀማመጥ በየሰዓቱ ይለያያል። መም ላይ ያለው ኩርባ ለስልክ ከባድ ፈተና መሆኑንም አስቡ፤ ቀጥ ባለ መንገድ ስህተቱ ያንሳል።

ውድድር ላይ ይህ ልዩነት ሰዓት ያስከፍላል። በይፋ የተለካ መንገድ የሚለካው ኩርባውን በአጭሩ ቆርጦ በሚያልፈው መስመር ነው፤ እንዳያጥር ተብሎም በሺህ 1 ይጨመርበታል፣ ለማራቶን 42 ሜትር ገደማ። እናንተ ደግሞ ሰው ለማለፍ ወዲያ ወዲህ ትላላችሁ። ስለዚህ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ስልኩ መጨረሻው ላይ 10.15 ቢል ውድድሩ አልረዘመም። 50 ደቂቃ መግባት ፈልጋችሁ ስልኩ ላይ 5:00 ጠብቃችሁ ከሮጣችሁ የምትገቡት በ50:45 ነው። በስልኩ 4:56 መያዝ ነበረባችሁ። ከዚህም የሚሻለው የመንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት ጋ ስትደርሱ ጠቅላላ ሰዓቱን ማየት ነው፦ 3 ኪሎ ሜትር ላይ 15:00፣ 7 ላይ 35:00።

ደረጃ 9፦ አቁሙ፣ አስቀምጡ፣ ጻፉ

እንደጨረሳችሁ ወዲያው አቁሙ። ሳያቆም መኪና የገባ ሰው አዲስ የ5 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ይዞ ቤቱ ይደርሳል። ይህ ከደረሰባችሁ ሩጫውን አታጥፉት፤ ስትራቫን ጨምሮ ብዙ አፖች ትርፉን መቁረጫ አላቸው።

«ሴቭ» እስክትሉ ድረስ ሩጫው አልተቀመጠም። ቆሞ ብቻ ኪስ የገባ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ሩጫውን ይዞት ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጻፉ። ምን ዓይነት ልምምድ እንደነበር፣ ከ1 እስከ 10 ምን ያህል እንደከበዳችሁ፣ የትኛውን ጫማ እንዳደረጋችሁ። ከሦስት ወር በኋላ 6:10 የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ «6:10፣ ክብደት 4፣ ነፋስ፣ ኮሮኮንች» ግን ይነግራችኋል። ጫማውን አፑ ውስጥ ካስመዘገባችሁት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ራሱ ይደምርላችኋል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ሩጫዎቻችሁን በጂፒኤክስ ፋይል (የሩጫ መስመር የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) አውርዳችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አፑን ስትቀይሩ ወይም አካውንቱ ሲዘጋባችሁ መረጃው የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

ትሬድሚል ላይ ሲሆን

ጂፒኤስ እዚያ አይሠራም፤ እናንተ አንድ ቦታ ናችሁ። «ኢንዶር» ወይም «ትሬድሚል» የሚለውን ምረጡ፤ ናይኪ ረን ክለብ ይህ ምርጫ አለው። አፑ ርቀቱን የሚገምተው ስልኩ ውስጥ ባለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ስለሆነ ስልኩ ሰውነታችሁ ላይ መታሰር አለበት። ማሽኑ ላይ አስቀምጣችሁት ከሮጣችሁ የሚቆጥረው ዜሮ ነው። ስትጨርሱ ማሽኑ ያሳየውን ርቀት አፑ ላይ አስተካክላችሁ አስገቡ።

የደረት ቀበቶ ስታገናኙ

ኤሌክትሮዶቹን፣ ቆዳ የሚነኩትን ሻካራ ክፍሎች፣ በውሃ አርጥቧቸው። ደረቅ ቀበቶ ላብ እስኪያረጥበው ድረስ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች የማይሆን ቁጥር ይሰጣል። ከደረት ሥር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ብዙዎቹ የሚነቁት ቆዳ ሲነካቸው ብቻ ነው። ግንኙነቱን ከስልኩ የብሉቱዝ ገጽ ሳይሆን ከሩጫ አፑ ውስጥ አድርጉ። አፑ ቀበቶውን ካጣው ሌላ አፕ ወይም ሰዓት ይዞት እንደሆነ እዩ፤ አንዳንድ ቀበቶዎች በብሉቱዝ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገሩት።

አፑ የልብ ምት ደረጃዎችን የሚከፋፍለው ብዙ ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ነው። ይህ የብዙ ሰው አማካይ እንጂ የእናንተ ልብ አይደለም፤ ከ10 ምት በላይ ሊስት ይችላል። በጣም ጠንክራችሁ በሮጣችሁበት ቀን ያያችሁት ከፍተኛ ምት ከሱ በላይ ከሆነ ያንን አስገቡ። በእጅ አንጓ የሚለካ ሰዓት ያላችሁ ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ በቀላል ሩጫ ምቱ በድንገት 170 ገብቶ እዚያው ከቆየ፣ የእርምጃችሁ ቁጥርም 170 ከሆነ፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው እርምጃችሁን ነው። ከአንጓው አጥንት ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት።

ተደጋግመው የሚመጡ ችግሮች

መስመሩ መንገዱን ትቶ ግራና ቀኝ ይዘላል፦ ምልክቱ ከረጃጅም ሕንፃዎች ላይ እየነጠረ ዘግይቶ ሲደርስ ስልኩ ራቅ ያላችሁ ይመስለዋል። በሴቲንግ የሚድን ነገር አይደለም። ፔስ የምትለኩበትን ሩጫ ሰማዩ ክፍት ወደሆነ ቦታ ውሰዱት።

የወጣሁት ከፍታ ከጓደኛዬ ጋር አይገጥምም፦ የጂፒኤስ ከፍታ ከርቀቱ ይበልጥ ይስታል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ የተሻለ ይመዘግባል። አፑ «ከፍታ አርም» የሚል ካለው ተጠቀሙበት፤ በካርታ መረጃ ይተካዋል።

ሰዓቱ ይሄዳል፣ ርቀቱ 0.00 ነው፦ ፈቃዱ ተነፍጓል ወይም የስልኩ ሎኬሽን ራሱ ጠፍቷል። መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ እዩ፣ ከዚያ ደረጃ 2ን።

የሁለት ሰው ስልክ አልገጠመም፦ 1 ወይም 2 በመቶ ልዩነት የተለመደ ነው፤ በ10 ኪሎ ሜትር ከ100 እስከ 200 ሜትር። ከዚያ ካለፈ ሁለቱን ካርታዎች አስተያዩና ቀጥ ያለ መስመር ያለበትን ፈልጉ። ያ ስልክ ወደ ደረጃ 3 ይመለስ።

ባትሪው 30 በመቶ እያለ ስልኩ ጠፋ፦ ብርድ ላይ ከሮጣችሁ ያረጀ ባትሪ እንዲህ ያደርጋል። ስልኩን ከልብስ ሥር፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ ያዙት። ምልክቱ ትንሽ ይደክማል፤ ሩጫው ግን ሳይመዘገብ አይቀርም።